ሰማንያ ብለህ ጻፈው

የሆስፒታል ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ከስም ቀጥሎ የሚጠየቀው ዕድሜ ነው። ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ላይ፣ ከገጠር ለመጡ ሽማግሌ ከዚህ የከበደ ጥያቄ የለም። በተወለዱበት ዘመን የልደት ምስክር ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም። እሳቸው «ጣሊያን ሲወጣ እረኛ ነበርኩ» ይላሉ። የካርድ ሠራተኛው ቁጥር ይፈልጋል። ከኋላ ወረፋው ይገፋል። አጃቢው ልጅ ይሰለችና «ሰማንያ ብለህ ጻፈው» ይላል፤ ይጻፋል።

ጣሊያን የወጣው በ1933 ዓ.ም. ነው። ያኔ ከብት ይጠብቅ የነበረ ልጅ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ቢሆነው እንኳ ዛሬ ዘጠናን አልፏል። «በታኅሣሡ ግርግር ጊዜ ገና ትዳር መያዜ ነበር» የሚሉ እናት ካሉ ደግሞ ዘመኑ 1953 ነውና ሰማንያን ተሻግረዋል ማለት ነው። የሕዝብ ቆጠራና የጤና ጥናት ሠራተኞች የሽማግሌ ዕድሜ የሚያሰሉት በዚሁ መንገድ ነው፦ የታወቀ ክስተት ይዘው ወደፊትና ወደኋላ ይቆጥራሉ። ካርድ ክፍል ግን ለዚህ ጊዜ የለውም። በችኮላ የተሞላው ቁጥር ከካርዱ ወደ ሪፈር ወረቀቱ፣ ከሪፈር ወረቀቱ ወደ ስፔሻሊስቱ ጠረጴዛ ይሄዳል። ካንሰር የተገኘ እንደሆነ ደግሞ ከላቦራቶሪ ውጤቱ በላይ ሥልጣን ያገኛል። «በዚህ ዕድሜ ምን ይደረጋል?» የሚለው ዐረፍተ ነገር የሚነሣው እሱን በማየት ነው። አንዳንዴ ሐኪሙ ይለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ቀድመው የሚሉት ልጆቹ ናቸው።

ከወልቂጤና ከቡታጅራ የተነሣሁት በምክንያት ነው። ቡታጅራ በኢትዮጵያ የጤና ምርምር ታሪክ የታወቀ ስም አላት። ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በዙሪያዋ ባሉ ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና በአንድ የከተማ ቀበሌ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት ሲመዘግብ ኖሯል። ሥራውን ከመሠረቱት መካከል ዶክተር ደስታ ሻመቦ ይጠቀሳሉ፤ ብዙ የአገራችን የሕዝብ ጤና ምሁራንም ጥናት የተማሩት እዚያ ነው። ሆስፒታል ሳይደርስ የሞተ ሰው ምን እንደ ገደለው ለማወቅ ጠያቂው ወደ ሐዘንተኛው ቤት ሄዶ ይጠይቃል፦ ከስቶ ነበር? ደም ይፈስሰው ነበር? መዋጥ አቅቶት ነበር? ስለ ሕፃን ወይም ስለ ወጣት ሲጠየቅ ቤተሰብ ቀንና ምልክት ይቆጥራል። ስለ ሽማግሌ ሲጠየቅ ግን «ዕድሜ ጠግቦ ነው የሞተው» የሚል መልስ ጥያቄውን ሊዘጋው ይችላል። ሐዘንን ያቀላል፤ ለሐኪም ግን ምንም አይነግረውም።

በመሠረቱ ካንሰር የዕድሜ በሽታ ነው። አንድ ሴል ወደ ካንሰር የሚለወጠው በዘር መልእክቱ ላይ ብዙ ስሕተቶች ሲደራረቡ ነው፤ ለመደራረብ ደግሞ ዓመታት ያስፈልጋሉ። ፒተር አርሚቴጅና ሪቻርድ ዶል የተባሉ እንግሊዛውያን በ1954 እ.ኤ.አ. የብዙ ካንሰሮች ቁጥር ከዕድሜ ጋር እየተፋጠነ የሚጨምርበትን መንገድ በሒሳብ አሳይተዋል። ታዲያ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ካንሰር ክፍል ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ለምን ብዙዎቹ ጎልማሶች ይሆናሉ? የጡት ካንሰር ይዟቸው የሚመጡት ሴቶቻችን አማካይ ዕድሜ በአርባዎቹ ውስጥ ነው፤ በአውሮፓ ከስልሳ በላይ ነው። አንዱ ምክንያት የሕዝባችን ወጣትነት ነው፦ ከመቶ ኢትዮጵያውያን 65 ዓመት የሞላቸው ሦስት ወይም አራት ቢሆኑ ነው። ሌላው ምክንያት ግን አሮጊቷ ከቤት አለመውጣቷ ነው። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ሥራ የጀመረው በ2011 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ለአገሪቱ የሚወጣው ግምትም በአብዛኛው በእሱ ላይ ይመሠረታል። በ2020 እ.ኤ.አ. ግምት በዓመት 77 ሺህ ገደማ ሰዎች በካንሰር ይያዛሉ፣ 52 ሺህ ገደማ ይሞታሉ። ቸሃ ወይም መስቃን ውስጥ ናሙና ሳይወሰድላቸው የሞቱ የሰማንያ ዓመት እናት ግን መዝገብ ውስጥ ስማቸው የለም።

መከላከሉም ለእሳቸው አልተሠራም። የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ በአገራችን የተዘጋጀው ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው። በቡታጅራ ሴቶች ራሳቸው በራሳቸው ናሙና ወስደው ካንሰሩን ለሚያመጣው ቫይረስ የሚመረመሩበት መንገድ ተሞክሮ፣ በሆምጣጤ ከሚደረገው ምርመራ ይልቅ ብዙ ሴት እንደሚያሳትፍ ታይቷል። ከወልቂጤ ብዙ በማይርቀው የአጣጥ ሆስፒታል በኩል በጉራጌ ሴቶች ላይ በተደረገው የቫይረስ ጥናትም ዕድሜው ከ15 እስከ 64 ነበር። ገደቡ በቂ ምክንያት አለው፤ ቁስሉ ገና ካንሰር ሳይሆን የሚያዘው በእነዚያ ዓመታት ነውና ጥቂት ገንዘብ ያለው አገር እዚያ ላይ ቢያውለው ትክክል ነው። ችግሩ ገደቡ ወደ ሌላ መልእክት መለወጡ ነው፦ «አሮጊት አትመረመርም።» የወር አበባዋ ከቆመ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሞላት ሴት ደም ካየች ቅድመ ምርመራ የሚባለው አይመለከታትም፤ የሚያስፈልጋት ምርመራ ነው፣ በዚያው ሳምንት።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በጣም ያረጀ ሰው ካንሰር ሲገኝበት ሐኪም ማወቅ ያለበት ሁለት ነገር ነው፦ ካንሰሩ ባይኖር ይህ ሰው ገና ስንት ዓመት ይኖር ነበር? ሕክምናውንስ ሰውነቱ ይችለዋል? ለሁለቱም የካርዱ ቁጥር ደካማ መልስ ነው። በአገራችን አማካይ ዕድሜ ሲባል ሰው ስልሳ ምናምን ሲደርስ የሚያልቅ ይመስለዋል። አማካዩን ወደታች የሚጎትተው ግን የሕፃናት ሞት ነው፤ ስልሳ የደፈነ ኢትዮጵያዊ በአማካይ ከ15 ዓመት በላይ ይኖራል። ሁለት የሰማንያ ዓመት ሰዎች ደግሞ አንድ አይደሉም። አንዷ እስካሁን እንሰት ትፍቃለች፣ ገበያ ወርዳ ትመለሳለች፤ ሌላዋ ሰው ደግፏት ወደ ደጅ ትወጣለች።

ይህን ልዩነት የሚለካ ሙያ አለ፤ የአረጋውያን ጤና ግምገማ ይባላል፣ ውድ መሣሪያም አይጠይቅም። ታማሚው ከወንበር ተነሥቶ ሦስት ሜትር ሄዶ ተመልሶ ሲቀመጥ ስንት ሰከንድ ፈጀበት? እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ አምስት ጊዜ ተነሥቶ ሲቀመጥ ከ15 ሰከንድ በላይ ከወሰደ የጡንቻ ጉልበቱ መውረዱን ያሳያል። ባለፉት ስድስት ወራት ልብሱ ሰፍቶታል? ስንት ዓይነት መድኃኒት ይወስዳል? የልጅ ልጆቹን ስም ያስታውሳል? ወድቆ ያውቃል? ማታ አብሮት የሚያድር ማን ነው?

ቡታጅራ ውስጥ አንድ ልጅ አባቱን ለመገምገም ሰዓት መያዝም ላያስፈልገው ይችላል። አባት ሶላት ሲሰግዱ ይመልከታቸው። ቆመው ያጎነብሳሉ፣ በግንባራቸው ይደፋሉ፣ እጃቸውን ምን ያህል መሬት ላይ ተደግፈው ይነሣሉ? ዓምና ቆመው ይሰግዱ የነበሩ ዘንድሮ በወንበር ላይ ከሆኑ ከመቼ ወዲህ ነው? ቅዳሴ የሚያስቀድሱ እናት ከሆኑም እንዲሁ፦ መቋሚያ ተደግፈው እስከ መጨረሻው ይቆማሉ ወይስ መሐል ላይ ግድግዳ ሥር ይቀመጣሉ? ሐኪሙ ይህን አያይም፤ ሐኪሙ የሚያያቸው ከመኪና ወርደው፣ ወረፋ ጠብቀው፣ ቁርስ ሳይበሉ ነው። የተዳከሙ የሚመስሉት በመንገድ ድካም ሊሆን ይችላል። ልጅ ይህን ካልነገረው ውሳኔው በዚያች ቀን መልካቸው ላይ ብቻ የቆመ ይሆናል።

ግምገማው ለወግ እንዳልሆነ የሚያሳይ ትልቅ ጥናት በ2021 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ወጥቷል። ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆነና የማይድን ደረጃ ላይ የደረሰ ካንሰር የያዛቸው 718 ሰዎች ተሳትፈዋል። ለግማሾቹ ሐኪሞች የግምገማው ውጤት ተሰጣቸው፤ ለቀሩት አልተሰጠም። ከባድ የመድኃኒት ጉዳት የደረሰባቸው ሳይነገራቸው ባከሙት ሐኪሞች በኩል ከመቶ 71፣ ተነግሯቸው ባከሙት በኩል ከመቶ 51 ነበሩ። ሐኪሞቹ ብዙ ጊዜ ያደረጉት ነገር ቢኖር ከመጀመሪያው መጠኑን መቀነስ ነው። በመቀነሱ ምክንያት ግን ሰው ቶሎ አልሞተም።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ የምግብ መውረጃ ቧንቧና የጨጓራ ካንሰር በያዛቸው 514 አቅመ ደካሞች ላይ ሙሉ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ የኬሞ መጠን ተወዳድሯል። ዝቅተኛው ከሙሉው መጠን ስድሳ በመቶ ነበር። በሽታውን በመያዝ ረገድ ከሙሉው አላነሰም፤ የታማሚዎቹ የኑሮ ሁኔታም የተሻለው በዝቅተኛው ነበር። ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ከቡታጅራ ምሥራቅ ያሉት አርሲና ባሌ የምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር የበዛባቸው አካባቢዎች ናቸው። ቆጮ አልዋጥ ያላቸው፣ ቀጥሎ ገንፎ፣ ቀጥሎ ወተት ብቻ የቀራቸው ሽማግሌ «ኬሞ ይገድላቸዋል» ተብሎ በባዶ እጅ ከመመለስና ሙሉ ኬሞ ተሰጥቷቸው ከመውደቅ መካከል ሌላ መንገድ አለ ማለት ነው። ቧንቧው ከጠበበ ደግሞ የሽቦ መረብ አስገብቶ የሚያሰፋ ሕክምና በአዲስ አበባ ይሰጣል፤ ዕድሜ ባይጨምር ምግብ ያስውጣል።

ጡት ላይ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ያበረታታል። በአዲስ አበባ በተደረገ ምርመራ ከጡት ካንሰሮቻችን ሁለት ሦስተኛ ገደማ በሴት ሆርሞን የሚያድጉ ሆነው ተገኝተዋል፤ ሴትየዋ ባረጀች ቁጥር ደግሞ ይህ ዓይነቱ ይበዛል። ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ በእንክብል የሚያዝ ዓይነት ነው። እንክብሉ ታሞክሲፊን ይባላል፤ አሮጌ መድኃኒት ነው፣ በቀን አንድ ጊዜ ይዋጣል፣ ከኬሞ ጋር ሲነጻጸርም ዋጋው ቀላል ነው። እብጠቱ አድጎ ሳይቆስል በፊት የመጣች የሰማንያ ዓመት ሴት እጢው በአጠቃላይ ሆስፒታል ደረጃ በቀዶ ሕክምና ሊወጣላት ይችላል። ከዚያ በኋላስ ለጨረር አዲስ አበባ መመላለስ አለባት? በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመው የብሪታንያውያን ጥናት መልስ ይሰጣል። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ እጢያቸው ከሦስት ሴንቲሜትር ያልበለጠ፣ ወደ ብብት ያልተሻገረባቸው 1326 ሴቶች ለአሥር ዓመት ገደማ ክትትል ተደርጎላቸዋል። ጨረር ካልወሰዱት ከመቶ ዘጠኝ ተኩል በዚያው ጡት ላይ ተመልሶባቸዋል፤ ከወሰዱት አንድ እንኳ አይሞላም። በሕይወት የቆዩት ግን በሁለቱም ወገን ከመቶ 81 ገደማ ናቸው። ጨረሩን መተው የሚቻለው ግን እንክብሉ በየቀኑ ከተዋጠ ነው። እዚህ ላይ ነው የእኛ ድካም፦ ሕመም የሌለበት ሰው በየቀኑ ለአምስት ዓመት መድኃኒት መዋጥ ይረሳል፣ ወይም «ድኛለሁ» ብሎ ያቆማል። በስምንት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የሠለጠኑ ነርሶች ታማሚዎችን እየደወሉ ሲከታተሉ ታሞክሲፊን በአግባቡ የሚወስዱት መብዛታቸው በጥናት ታይቷል። የልጅ ልጅ ስልክ ያለበት ቤት ይህን ያለ ነርስም ይችለዋል።

ስለ ወንዶች አጭር ልበል። ሽንት ከልክሏቸው ቱቦ የተደረገላቸው፣ ወገባቸውን ለወራት በቅባት ሲያሹ የኖሩ አባት የፕሮስቴት ካንሰር ወደ አጥንታቸው ተሻግሮ ሊሆን ይችላል። ቻርለስ ሃጊንስ የተባለ ሐኪም በ1941 እ.ኤ.አ. የዘር ፍሬን ማውጣት ይህን ካንሰር እንደሚያፈገፍገው አሳይቶ በ1966 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ዛሬም ይሠራል። አካባቢውን ብቻ አደንዝዞ በአንድ ቀን የሚያልቅ ቀዶ ሕክምና ነው፤ የአጥንት ሕመሙ በቀናት ውስጥ ሊለቅ ይችላል። ከባዱ ነገር ቢላው አይደለም፣ ለአባት መናገሩ ነው። በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ የሚወጋ መድኃኒትም አለ፣ ዋጋው ግን ሌላ ነው። በአንጻሩ ምንም ሳያማቸው ለፕሮስቴት ደም ይመርመሩ ተብለው የሚወሰዱ የሰማንያ አምስት ዓመት ሰው አሉ፤ ይህ አይደገፍም። በዚያ ዕድሜ ብዙ ወንድ ሳያውቀው የሚኖርበት፣ በሌላ ምክንያት እስኪሞት የማይነካው ዓይነት አለ፤ እሱን ፈልጎ ማግኘት ጭንቀት ከመግዛት አያልፍም።

መንገዱም የሕክምናው አካል ነው። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 158 ኪሎ ሜትር ናት፤ በወሊሶ፣ በቱሉ ቦሎ፣ በሰበታ ተብሎ ይገባል። ቡታጅራ 130 ገደማ ናት፤ በጢያ በኩል። ለጤነኛ ይህ ግማሽ ቀን የማይሞላ ጉዞ ነው። በየመንገዱ ሽንት ለሚይዛቸው፣ ደም ለሚፈስሳቸው ሰው ግን ሚኒባስ ውስጥ አራት ሰዓት መቀመጥ ሌላ ነገር ነው። አገሪቱ የጨረር ሕክምና የጀመረችው በ1997 እ.ኤ.አ. ጥቁር አንበሳ ላይ በኮባልት መሣሪያ ሲሆን፣ ከሃያ ዓመት በላይ ሌላ የጨረር ማዕከል አልነበራትም። ወረፋው ወራትን የሚፈጅ ነበር። አሁን ጅማም የጨረር ማሽን አላት። ካርታውን የሚያይ ሰው ወልቂጤ በአዲስ አበባና በጅማ መካከል፣ በዚያው አንድ መንገድ ላይ መሆኗን ያስተውላል። ሪፈር ሲጻፍ ግን እጅ በልማድ ወደ አዲስ አበባ ይጽፋል። ወረፋው የት ይሻላል ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሌላም ሊጠየቅ የሚገባው አለ። ካንሰር አጥንት ውስጥ ገብቶ ለሚያመው ሰው አንድ ቀን ብቻ የሚሰጥ ጨረር ሕመሙን በማስታገስ ረገድ ለሳምንታት ከተከፋፈለው እንደማያንስ ብዙ ጥናት አረጋግጧል። አንድ ጊዜ ሄዶ መመለስና ለሁለት ሳምንት አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ መቀመጥ ለሽማግሌ ሰው ልዩነቱ ሰፊ ነው። መቆየት ግድ ከሆነ፣ ልጁን ማቴዎስን በደም ካንሰር ያጣው አቶ ወንዱ በቀለ የመሠረተው የማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ አለው። የጤና መድህን ደብተር ሪፈር ተከትሎ ለሄደ ሰው ያገለግላል፤ በር ዘሎ ለሄደ ግን አያገለግልም። መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ከጠፋ ደግሞ ከውጭ ፋርማሲ በኪስ መግዛት ይመጣል።

ኪስ ስንል ልጆች ይመጣሉ። የጉራጌ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ በሁለት ቦታ ይኖራል፦ ሽማግሌዎቹ አገር ቤት፣ ገንዘቡ መርካቶ። መስቀል ወይም አረፋ ሲደርስ ልጆች ይገባሉ፣ እናት መክሳቷን ያያሉ፣ በበዓሉ ማግስት ይዘዋት ይመለሳሉ። ከዚያ ለእሷ ሳይነገራት ስብሰባ ይቀመጣል። ታላቁ «ባንኮክም ቢሆን እንወስዳታለን» ይላል፤ ታናሿ «አታሠቃይዋት» ትላለች። ሁለቱም ከፍቅር ነው። ሐኪሙ ለልጆቹ ይነግራል፣ ለእናት «ጨጓራ ነው» ይባልላታል። እኔ ይህን ልማድ አልወድም፤ እንደ ጭካኔም አላየውም። ነገር ግን አምስት ዓመት እንክብል ዋጪ የምትባል ሴት ለምን እንደምትውጥ ካልተነገራት የምታቆመው በሦስተኛው ወር ነው። ከልጆቹ ይልቅ ውሳኔው የሚቀላትም ለራሷ ነው። አገር ቤት ስንት ሞት ያየች፣ ስንት የእድር ሰው የቀበረች ሴት ናት። «እማማ፣ በሽታው ከባድ ነው፤ ሕክምና አለው፤ ምን ያህል ልንገርዎ?» ብሎ መጀመር ይቻላል። አንዳንዷ «ለልጄ ንገሪው» ትላለች፤ እንዲህ ካለች ምርጫዋ ነው።

ኬሞ የሚጀመር ከሆነ አንድ የአገራችን ጉዳይ አለ። በሽተኛን ማክበር ለእኛ ክትፎ ማቅረብ ነው፤ ጥሬ ወይም ለብ ለብ። ኬሞ ነጭ የደም ሴልን በሚያወርድባቸው ቀናት ግን ጥሬ ሥጋ ሽማግሌን ሆስፒታል የሚያስገባ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል። በደንብ ይብሰል፣ አይቡም ከተፈላ ወተት ይሁን። በሌላ በኩል ለታመመ ሰው የሚሠራው የቡላ ገንፎ ኃይል ቢሰጥም ፕሮቲኑ እጅግ አነስተኛ ነው፤ ጡንቻ የከሳ ሰው በእሱ ብቻ አይመለስም። እንቁላል ወይም የበሰለ ሥጋ፣ ጾመኛ ከሆኑ ሽሮና ምስር ይጨመርበት። ክብደት መውረዱ ኬሞን ከዕድሜ ይልቅ ያከብደዋል።

ሕክምናው ካንሰሩን መያዝ የማይችልበት ቀንም አለ፤ ያኔም ሐኪም ሥራ አያልቅበትም። ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የመሠረተችው ሆስፒስ ኢትዮጵያ የካንሰር ታማሚን ቤቱ ድረስ ሄዶ ሕመሙን ማስታገስ እንደሚቻል በአገራችን አሳይቷል። ዋናው መድኃኒት የሚጠጣ ሞርፊን ነው። ቤተሰብ ስሙን ሲሰማ ይደነግጣል፤ «ይለምድባቸዋል» ወይም «ይገድላቸዋል» ይላል። ለካንሰር ሕመም በትክክል ከተሰጠ ሱሰኛ የሚያደርገው ከስንት አንዴ ነው፣ ዕድሜም አያሳጥርም። ለሽማግሌ በትንሹ ይጀመራል፤ ኩላሊት ከዕድሜ ጋር ስለሚደክም መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ይቆያልና መጠኑ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ ያበዛል፣ ከዚያ ይለመዳል። የማይለመደው የሆድ ድርቀቱ ነው፤ ስለዚህ ሞርፊን የታዘዘበት ወረቀት ላይ የሆድ ማለስለሻ አብሮ ካልተጻፈ ከመስኮቱ ሳትርቁ ተመልሳችሁ ጠይቁ።